ምጥ ላይ ያለችን ሴት ብቻዋን አታስቀሯት፤ በሩን ክፈቱላት

እርጉዝ እናቶች በውስጥ መስመር በብዛት የሚጠይቁኝ ስለ መድኃኒት ወይም ስለ አልትራሳውንድ ይመስላችኋል? አይደለም። «ዶክተር፣ ስወልድ እናቴ አብራኝ መግባት ትችላለች?» የሚል ነው። አንዳንዷ «እህቴ» ትላለች፣ አንዳንዷ ደግሞ ፈራ ተባ እያለች «ባለቤቴ» ትላለች። መልሴ ሁልጊዜ አንድ ነው፦ ይገባሻል፣ ይፈቀድልሽ እንደሆነ ግን እዚያው ሆስፒታሉን ጠይቂ። እውነቱን ለመናገር ይህን መልስ መስጠት ሰልችቶኛል። የሚገባት ነገር ከሆነ ለምን ትለማመጣለች? ዛሬ ይህን ጉዳይ ሳላለሳልስ ልጻፈው። ረዘም ስለሚል ታገሱኝ።

በብዙ የመንግሥት ጤና ተቋሞቻችን የሚሆነው እንዲህ ነው። ሴትየዋ ምጧ ፋፍሞ በባጃጅ፣ በታክሲ ወይም በአምቡላንስ ትደርሳለች። ካርድ ይወጣላታል፣ ትመረመራለች፣ የማህፀን በሯ ስንት ሴንቲ ሜትር እንደተከፈተ ይታያል። ከዚያ የማዋለጃ ክፍሉ በር ይከፈትና እሷ ትገባለች፤ ይዟት የመጣው ሰው ውጭ ይቀራል። «እማማ፣ ከዚህ በኋላ አይቻልም፤ ውጭ ይጠብቁ» ይላሉ ጥበቃው። ልብሷና ስልኳ በፌስታል ተደርጎ ለአስታማሚ ይሰጣል። ከዚያ በኋላ ያለው ስምንት፣ አስር፣ አስራ ሁለት ሰዓት ለቤተሰቡ ጨለማ ነው። በሩ በተከፈተ ቁጥር ሁሉም ተነስቶ ያያል፤ የሚወጣው ግን ወይ ጽዳት ሠራተኛ ነው ወይ የሌላ ሰው ስም የሚጠራ ነርስ። ውስጥ ያለችው ደግሞ በሕይወቷ ከባድ በሚባለው ሰዓት ስሟን የሚያውቅ አንድ ሰው እንኳ አጠገቧ የለም።

ይህ አሠራር ከሕክምና ሳይንስ የመጣ አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2018 ስለ ወሊድ እንክብካቤ ባወጣው መመሪያ እያንዳንዷ ሴት በምጥና በወሊድ ጊዜ እሷ የመረጠችው ሰው አብሯት እንዲሆን በግልጽ ይመክራል። ልብ በሉ፣ እሷ የመረጠችው ነው የሚለው፤ ሆስፒታሉ የመረጠላት አይደለም። ከዚያ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ ደግሞ ከ15 ሺህ በላይ ሴቶች የተሳተፉባቸውን ጥናቶች አንድ ላይ የገመገመው የኮክሬን ትንተና፣ ከምጥ መጀመሪያ እስከ መጨረሻ ሰው ያልተለያቸው እናቶች በራሳቸው ምጥ የመውለድ ዕድላቸው ከፍ እንደሚል፣ በኦፕሬሽን የሚወልዱት እንደሚቀንሱ፣ ምጡም አጠር እንደሚል አሳይቷል። ስለ ወሊዳቸው ሲጠየቁ መጥፎ ትዝታ የሚናገሩትም ጥቂት ናቸው። ይህን ሁሉ የሚያደርግ መድኃኒት ቢገኝ ኖሮ የጤና ሚኒስቴር በየጤና ጣቢያው ያዳርሰው ነበር። አስታማሚ ግን በነፃ የሚገኝ ነገር ነውና የሚያስታውሰው የለም።

ምክንያቱም ያን ያህል ረቂቅ አይደለም። የፈራ ሰውነት አድሬናሊን ያመነጫል፤ አድሬናሊን ሲበዛ ደግሞ ማህፀኗን የሚያኮማትረው ኦክሲቶሲን የተባለው የራሷ ሆርሞን ሥራውን በሚገባ ላይሠራ ይችላል። እጇን የሚይዝ፣ ወገቧን የሚያሽላት፣ ውሃ የሚያቀምሳት፣ «አይዞሽ፣ ደረስሽ» የሚላት ሰው ሲኖር ፍርሃቱ ይቀንሳል። ይህን እናቶቻችን መጽሐፍ ሳያነቡ ያውቁት ነበር። በየትኛው መንደራችን ነው ሴት ብቻዋን የምታምጠው? ጎረቤት ይሰበሰባል፣ አንዷ ከኋላ ትደግፋለች፣ አንዷ ውሃ ታሞቃለች፣ ውጭ ያሉት «ማርያም ማርያም» ይላሉ፤ በሌላው ቤት ዱዓ ይደረጋል። በቤት ውስጥ የጎደለው ሰው አልነበረም። የጎደለው ደም ሲፈስ የሚያስቆም መርፌ፣ ልጅ አልተነፍስ ሲል የሚያነቃ እጅ፣ ምጥ ሲጠና የሚከፍት ኦፕሬሽን ክፍል ነበር። ሆስፒታል እነዚህን ሰጠን። ነገር ግን እነዚህን ሲሰጠን ያንን ሰው መንጠቅ ነበረበት? አንዱን ለማግኘት ሌላውን መተው ያለባት ለምንድን ነው?

እዚህ ላይ የሚያስገርመኝን ነገር ልንገራችሁ። እ.ኤ.አ. በ2005 በአገራችን ከ100 እናቶች በጤና ተቋም የሚወልዱት 5 ገደማ ብቻ ነበሩ። በ2011 ወደ 10፣ በ2016 ወደ 26፣ በ2019 ደግሞ ወደ 48 ደርሰዋል። ይህ ትልቅ ለውጥ ነው፤ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ቤት ለቤት እየዞሩ፣ አምቡላንስ እየተላከ የመጣ ነው። እናቶችን ለመሳብ ሲባል በየጤና ጣቢያው ገንፎ መገንፋት፣ ቡና ማፍላት ተጀመረ። እሰየው! ግን አስቡት፤ የገንፎው ቅቤ ተፈቅዷል፣ ገንፎውን የምታገነፋው እናት ግን በር ላይ ትቆማለች። ያለ ሰው መቅረቷ ያስፈራትን ሴት በገንፎ ማባበል እችላለሁ ማለት አልገባኝም።

ጉዳዩ የምቾት ብቻ ቢሆን ኖሮ እንዲህ አልሟገትም ነበር። በ2016ቱ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት መሠረት በአገራችን በሕይወት ከሚወለዱ 100 ሺህ ሕፃናት 412 እናቶች ከእርግዝናና ከወሊድ ጋር በተያያዘ ምክንያት ይሞቱ ነበር። ከገዳዮቹ ዋናው ከወሊድ በኋላ የሚፈስ ደም ነው። ደም ሲፈስ ቀጠሮ አይሰጥም፤ በደቂቃዎች ውስጥ መታየት አለበት። ኢንተርን በነበርኩበት ጊዜ አንድ ሌሊት ክፍሉ ሞልቶ አዋላጆቹ ሁለት ብቻ ነበሩ። አንዷ እናት በሰላም ወልዳ፣ የእንግዴ ልጁም ወጥቶ፣ ወደ ጥግ አልጋ ተዛወረች። አማቷ እንደምንም ለምነው ገብተው ነበር፤ ማን እንዳስገባቸው እስካሁን አላውቅም። ሁላችንም ሌላ አልጋ ላይ ተጠምደን ሳለ «ልጆች፣ ይቺ ልጅ ቀዘቀዘችብኝ» የሚል ድምፅ ሰማን። አንሶላው ሲገለጥ ከሥሩ ደም ተጠራቅሟል። ማህፀኗ ላልቶ ነበር። ታሸ፣ መድኃኒት ተሰጣት፣ ግሉኮስ ተሰካ፣ ደም ተጠየቀ፤ ተረፈች። ያን ሌሊት ያዳኗት ትምህርት ቤት ደጃፍ ያልረገጡ እናት ናቸው። ከሥልጠናቸው ሳይሆን ከአልጋዋ ባለመራቃቸው ነው። ከሁለት አዋላጅ ጋር ስምንት እናት ባለችበት ክፍል፣ ዓይኑን ከአንዷ ላይ የማያነሳ ሰው ትርፍ ሰው አይደለም።

አሁን ሥራ ባልደረቦቼ የሚነግሩኝን ምክንያቶች ላንሳ። ብዙዎቹን አከብራቸዋለሁ፤ በስንት ሰዓት ዱቲ ደክመው እንደሚሠሩ አውቃለሁና።

መጀመሪያ የሚነሳው «ቦታ የለም» ነው። እውነት ነው፣ ክፍሎቹ ጠባብ ናቸው። እኔ ግን ዘመድ አዝማድ ይግባ አላልኩም። አንድ ሰው ነው የምለው፤ አንድ ሰው ደግሞ አልጋው ራስጌ ቆሞ የሚይዘው ቦታ ይታወቃል። «ኢንፌክሽን ያመጣል» ይላሉ ደግሞ። ጋውን ይልበስ፣ ጫማ ይቀይር፣ እጁን ይታጠብ። ለልምምድ ዘጠኝና አስር ሆነው በየአልጋው የሚዞሩት ተማሪዎች ጀርም አይዙም ማለት ነው? እና ደግሞ አንድ ነገር ይገርመኛል፤ በግል ሆስፒታል ስትወልድ ባሏ ጋውን ለብሶ ይገባል፣ ፎቶም ይነሳል። በመንግሥት ሆስፒታል ግን እናቷ እንኳ አትገባም። ጀርሙ የከፈለና ያልከፈለ ይለያል?

«የሌሎች እናቶች ገመና ይታያል» የሚለው ግን በቁም ነገር መመለስ ያለበት ነው። አራት አምስት አልጋ አንድ ላይ ባለበት ክፍል የአንዷን ባል ማስገባት ሌላዋን ማሳፈር ነው፤ እኔም አልደግፈውም። መልሱ ግን ሁሉንም ማስወጣት አይደለም። መጋረጃ ይሰቀል። የመጋረጃ ዋጋ በሆስፒታል በጀት ምን ያህል ነው? መጋረጃው እስኪመጣ ደግሞ የሚገባው ሰው ሴት ትሁን፤ እናት፣ እህት፣ አማት፣ ጎረቤት። ባሎች ሆይ፣ አትቀየሙኝ፤ ለጊዜው ነው።

ሌላው ምክንያት «አስታማሚ ይረብሻል፣ ይሳደባል፣ ቪዲዮ ይቀርጻል» የሚል ነው። ሲያጋጥም አይቻለሁ። ሥርዓት የማይዝ ይውጣ፤ ስልክ በር ላይ ይቀመጥ። ግን ደፍሬ ልናገር፤ አንዳንድ ሰው አስታማሚ የማይፈልገው ምስክር ስለማይፈልግ ነው። በየማዋለጃ ክፍሉ የሚነገሩ ቃላት አሉ፤ የወለዳችሁ ታውቋቸዋላችሁ። «ያን ጊዜ መቼ ጮህሽ?» የምትባለዋን ጨምሮ። ጭኗን በጥፊ የምትመታ ሴት አለች። እናቷ አጠገቧ ብትቆም ይህ ይደረግ ነበር? ሚኒስቴሩ ከ2008 ዓ.ም. ጀምሮ ርኅሩኅ፣ አክባሪና ተንከባካቢ ባለሙያ እናፈራለን ብሎ ባነር ሰቅሏል፣ ሥልጠና ሰጥቷል። ባነሩ ጥሩ ነው። ከባነሩ ይልቅ ግን ራስጌ ላይ የቆመች አንዲት እናት የበለጠ ታስከብራለች። አብዛኞቹ አዋላጆቻችን በእጃቸው ስንቱን ነፍስ ያተረፉ፣ ለዚህ ሁሉ ድካም ትንሽ ደመወዝ የሚቆርጡ ሰዎች መሆናቸውን ሳልናገር አላልፍም። እነሱንም የሚያግዛቸው ይኸው ሰው ነው፤ ውሃ የሚያቀብል፣ ሽንት ቤት የሚወስድ፣ «ነይልኝ» ብሎ የሚጠራ።

ለመሆኑ ውስጥ ምን ይደረጋል? ይህን የምጽፈው የምትገቡት ሰዎች ሥራ ፈትታችሁ እንዳትቆሙ፣ ወላዷም እንዳትደነግጥ ነው።

የማህፀን በር እስከ 5 ሴንቲ ሜትር እስኪከፈት ያለው የምጥ ጊዜ ቀርፋፋ ነው፤ ሰዓታት፣ አንዳንዴም ከቀን በላይ ሊወስድ ይችላል። በዚህ ጊዜ «ገና ነሽ፣ ተመለሺ» ብትባሉ ንቀት ላይሆን ይችላል፤ ቤታችሁ ሩቅ ከሆነ ግን ተናገሩ፣ ግቢ ውስጥ ቆዩ። ከ5 ሴንቲ ሜትር በኋላ ይፈጥናል፤ ለመጀመሪያ ልጅ አብዛኛውን ጊዜ ከ12 ሰዓት አይበልጥም፣ ከዚያ በኋላ ላሉት ከ10። «በየሰዓቱ አንድ ሴንቲ ሜትር ካልተከፈተ ችግር አለ» የሚለው የድሮ ሕግ ለብቻው ሴትን ኦፕሬሽን ክፍል ማስገቢያ እንዳይሆን የዓለም ጤና ድርጅት አሳስቧል። በየአራት ሰዓቱ ገደማ በማህፀን በር በኩል ምርመራ ይደረጋል። የልጁ የልብ ምት ደግሞ ቢያንስ በየግማሽ ሰዓቱ መደመጥ አለበት፤ ጤነኛው በደቂቃ ከ110 እስከ 160 ነው። አስታማሚ የምትሆኑ ሰዎች፣ ረዘም ያለ ጊዜ ማንም ሳያዳምጥ ከቀረ በትሕትና «የልጁን ልብ ብታዳምጡልን» ማለት ትችላላችሁ። ይህ ጣልቃ መግባት አይባልም።

ከባድ ችግር የሌለባት እናት ምጥ ላይ ውሃም ቀለል ያለ ምግብም መውሰድ ትችላለች። መንቀሳቀስ፣ መቆም፣ ተንበርክኮ ማማጥ ይፈቀዳል፤ በጀርባ መተኛት ግዴታ አይደለም። መላጨትና አንጀት ማጠብ እንደ ደንብ የሚደረግ ነገር አይደለም። ለመጀመሪያ ልጅ ነው ተብሎ ሁሉም ሴት መቀደድ የለባትም፤ ምክንያት ኖሮ ከተቀደደች ከመቁረጡም ከመስፋቱም በፊት ማደንዘዣ ይወጋላታል። ሆዷ ላይ ወጥቶ መጫን የሚባለው ነገር ደግሞ ይቅር! የዓለም ጤና ድርጅት አይመክረውም፣ እኔም አልመክረውም።

ልጁ እንደወጣ እናት እንዳትደማ 10 ዩኒት ኦክሲቶሲን ትወጋለች። እትብቱ ቢያንስ አንድ ደቂቃ ቆይቶ ይቆረጣል። ልጁ ደህና ከሆነ ደረቷ ላይ በቆዳዋ ላይ ይተኛል፣ በመጀመሪያው ሰዓት ውስጥ ጡት ይይዛል፤ እንገሩ ይጠባል እንጂ አይታለብም፣ ቅቤም አይላስም። ዓይኑ ላይ ቴትራሳይክሊን ቅባት፣ ጭኑ ላይ ቫይታሚን ኬ ይሰጠዋል። ገላውን ቢያንስ 24 ሰዓት ባይታጠብ ይሻላል። እናትም ቢያንስ 24 ሰዓት ጤና ተቋሙ ውስጥ መቆየት አለባት። በዚህ በመጨረሻው ላይ ቤተሰብም ጥፋት አለበት፤ «ቤት እንግዳ እየመጣ ነው» ብላችሁ በስድስት ሰዓቷ የምታስወጧት እናንተው ናችሁ።

ቤተሰብን ካነሳሁ አይቀር፣ ሁሉን ነገር ሆስፒታሉ ላይ መጫን ፍትሐዊ አይደለም። ለአንዲት ወላድ አስራ አምስት ሰው በር ላይ ይሰበሰባል፤ ሁሉም እገባለሁ ይላል፣ ጥበቃው ይማረራል፣ በመጨረሻ ለሁሉም ይዘጋል። ከሁሉ የከፋው ግን ኦፕሬሽን ያስፈልጋል ሲባል የሚሆነው ነው። አጎት ይጠራል፣ የባል አባት በስልክ ይጠየቃል፣ «ትንሽ ትታገስ» ይባላል፣ ልጁ እየተጨነቀ ሰዓት ይሄዳል። የሚቀደደው ሆድ የእሷ ነው፤ ፈቃዱም የእሷ ነው። አስታማሚ የምትገባው ልታግዛት እንጂ ልትወስንላት አይደለም። ይህን የማትችሉ ከሆነ ውጭ ብትቀሩ ይሻላል።

ለአባቶች አንድ ነገር። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት ሚስቱ የወለደች ሠራተኛ ከሙሉ ደመወዝ ጋር ሦስት ተከታታይ ቀን ፈቃድ አለው። አጭር ነው፣ ያሳዝናል፤ ያለውን እንኳ የማይጠይቅ አባት ግን ብዙ ነው። ጠይቁ። ክፍሉ ለወንድ ባይፈቅድ እንኳ በር ላይ ስልኩ የተሞላ፣ ደም ወይም መድኃኒት ፈልግ ሲባል የሚሮጥ አንድ ሰው ያስፈልጋል።

እርጉዝ እህቶቼ፣ እስኪከፈት አትጠብቁ፤ አሁኑኑ ጠይቁ። ክትትላችሁ ላይ በሰባተኛው ወር ገደማ «ስወልድ ማንን ማስገባት እችላለሁ?» በሉ። «አይቻልም» ካሉ «ለምን?» በሉ፣ የማዋለጃ ክፍሉን ኃላፊም ጠይቁ። በአካባቢያችሁ ያለው ጤና ጣቢያ የሚፈቅድ ከሆነና እርግዝናችሁ ችግር ከሌለበት እዚያ መውለድን አስቡበት፤ በመንግሥት ተቋም ወሊድ በነፃ ነው። የምታስገቡትን ሰው ደግሞ አስቀድማችሁ ምረጡ። ቅርብ ዘመድ መሆኗ ብቻ አይበቃም። ደም ስታይ የምትወድቅ፣ «እኔ ስወልድ ሞቼ ነበር» እያለች የምታወራ እህት ካለችሽ፣ እባክሽ ገንፎውን ትሥራ።

በሩ ቢዘጋባችሁም ግን ቤት አትውለዱ። ይህን ጽሑፍ አንብባ «እንግዲያውስ ቤቴ ይሻለኛል» የምትል አንዲት ሴት እንዳትኖር እፈራለሁ። ደም ከታየሽ፣ የሽርት ውሃሽ ከፈሰሰ በተለይ አረንጓዴ ከሆነ፣ ልጁ መንቀሳቀስ ከቀነሰ፣ ኃይለኛ ራስ ምታት ወይም ዓይን ብዥ ማለት ካለ፣ ትኩሳት ካለ፣ ከተንቀጠቀጥሽ፣ ምጡ ባይጀምርም ወደ ጤና ተቋም ሂጂ፤ ከወለድሽ በኋላም በአንድ ሰዓት ውስጥ ሞዴስ ሞልቶ ካለፈ ወዲያው ተጣሪ።

የወለዳችሁ እናቶች፣ ማን አብሯችሁ እንደነበረ ወይም ማን እንዳልነበረ ኮሜንት ላይ ጻፉልኝ። የሆስፒታሉንም የባለሙያውንም ስም አትጻፉ። ከተማውን፣ ዓመቱን፣ ሰው ተፈቅዶላችሁ እንደሆነና እንዳልሆነ ብቻ። ሰብስቤ ለማዋለጃ ክፍል ኃላፊ ለሆኑ ባልደረቦቼ አሳያቸዋለሁ፤ ከዚህ ገጽ ተከታታዮች መካከል እንዳሉ አውቃለሁ።